ለልጆች የሚታየው ተረት እንዴት ይሠራል?

ማታ ከእራት በኋላ ልጆች በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው በተቀመጡ ጊዜ፣ አብዛኞቻችን ወላጆች የምናነሣው ጥያቄ «እስከ ስንት ሰዓት ነው የምታዩት?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቀድሞ በምድጃ ዙሪያ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የምንቀበላቸው ሽማግሌ ማን እንደ ሆኑ እናውቅ ነበር። ጠባያቸውን እናውቃለን፤ ተረቱን ለምን እንዳመጡት፣ ከመካከላችንም ማንን ለመምከር እንደ ፈለጉ እንኳ ይገባን ነበር። ዛሬ ግን ለልጆቻችን የሚተርከውን ሰው አናየውም። ከየት እንደ መጣ፣ ምን አስቦ እንደ ተነሣ፣ ስንት ሰውም እንደ ደከመበት ሳናውቅ፣ በቤታችን መካከል ሆኖ ልጆቻችንን ያስተምራል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በብዙ አገር ልጆች ዘንድ የታወቀ አንድ የካርቱን ተረት መርጠን፣ ከመጀመሪያው አሳብ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ እንዴት እንደ ተሠራ ለመግለጽ ወደድን። ይኸውም በአሜሪካ አገር ኒኬሎዲየን የተባለው የልጆች ቴሌቪዥን ድርጅት ያሠራው፣ «አቫታር፤ የመጨረሻው የነፋስ አዛዥ» የሚባለው ተከታታይ ፊልም ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት በውስጡ ያለው ሁሉ ከሃይማኖታችን ጋር ስለሚስማማ አይደለም፤ የማይስማማውንም ወደ ኋላ እንናገራለን። የመረጥነው፣ የፈጠራ ታሪክ እንኳ ቢሆን በእውነት ላይ ካልተመሠረተ እንደማይቆም አሠራሩ በግልጥ የሚያስረዳ ሆኖ ስላገኘነው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከአንድ ሥዕል የተነሣ ታሪክ

የዚህ ተረት ደራስያን ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኔትስኮ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። የተዋወቁት በሮድ አይላንድ በሚገኘው የሥነ ሥዕል ትምህርት ቤት ሲማሩ ነው። ከዚያም በሌሎች ሰዎች የካርቱን ፊልሞች ላይ ተቀጥረው ሲሠሩ ቈዩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ኤሪክ ኮልማን የተባለ የኒኬሎዲየን ኀላፊ አዲስ ታሪክ ይዘው እንዲቀርቡ ዕድል ሰጣቸው።

ኮኔትስኮ ቀደም ብሎ የሣለው አንድ ሥዕል ነበረው፤ ይኸውም ራሱ የተመለጠ የአንድ ጎልማሳ ሰው ሥዕል ነው። ያንን ሥዕል አንሥቶ ጎልማሳውን ወደ ሕፃንነት መለሰው፤ በሰማይ ላይም የጎሽ መንጋ ሲጠብቅ አድርጎ ሣለው። በዚያው ወራት ዲማርቲኖ በደቡብ ዋልታ በበረዶ ተይዘው ስለ ቀሩ አሳሾች የሚናገር ፊልም ይመለከት ነበር። ሁለቱ ጓደኞች በተገናኙ ጊዜ የአንዱ ሥዕልና የሌላው አሳብ ተጋጠሙ። በበረዶው ምድር የሚኖሩ የውሃ ሰዎች ቢኖሩ፣ የእሳት ሰዎችም ቢያስጨንቋቸው፣ ይህ የነፋስ ልጅ ደግሞ ወደ እነርሱ ቢመጣ ምን ይሆናል? ታሪኩ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ባጭሩ ለመናገር፣ በዚህ ተረት ዓለም ውስጥ የውሃ፣ የመሬት፣ የእሳትና የነፋስ የሚባሉ አራት ሕዝቦች አሉ። ከየሕዝቡ አንዳንዶች በሰውነታቸው እንቅስቃሴ የየራሳቸውን ባሕርይ ማዘዝ ይችላሉ። አራቱንም ሊያዝዝ የሚችለው ግን በዘመኑ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም አቫታር ይባላል። አንግ የተባለው የ12 ዓመት ልጅ ይህ ዕጣ ደርሶት፣ ከሸክሙ ሸሽቶ ሲሄድ በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ 100 ዓመት ይቈያል። ሲነቃም የእሳት መንግሥት ዓለምን ሲወጋ፣ ያሳደጉት የነፋስ መነኮሳትም ሁሉ አልቀው ያገኛል። ከበረዶው ያወጡት ካታራና ሶካ የተባሉ እኅትና ወንድም ናቸው፤ እነርሱም እናታቸውን በዚያው ጦርነት ያጡ ልጆች ናቸው።

እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት ሲባል ለአንባቢያችን እንግዳ ነገር አይሆንም፤ ሊቃውንቶቻችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት እንደ ተፈጠረ ሲያስተምሩ ኖረዋልና። እነዚህ ደራስያን ግን ታሪካቸውን ያለበሱት የእስያን ልብስ ነው። የነፋስን መነኮሳት ከቲቤት መነኮሳት፣ የመሬትን ንጉሥ ቤተ መንግሥት በፔኪንግ ከሚገኘው ከጥንቱ የቻይና ነገሥታት ግቢ፣ የውሃ ሰዎችን አለባበስ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ከሚኖሩት ከኢኑዊት ሕዝብ ወሰዱ።

የማያውቁትን ከሚያውቅ መጠየቅ

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ገጠማቸው። ስለ ሌላ ሕዝብ ልማድ የሚጽፍ ሰው በግምት ቢጽፍ ልጆች አያውቁበትም። በሥዕል የተሠራ ሰው እጁን እንዳሻው ቢያወናጭፍ፣ እሳትም ቢወጣለት፣ «ስሕተት ነው» የሚል ሕፃን የለም። ደራስያኑ ግን ይህን ቀላል መንገድ አልወደዱትም። ሲፉ ኪሱ የሚባል የቻይና የትግል ጥበብ መምህር ጠርተው፣ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ የሆነ እውነተኛ የትግል ስልት እንዲኖረው አደረጉ።

ለውሃ ሰዎች ታይ ቺ ተሰጣቸው፤ ይህ እንደ ወንዝ በዝግታ የሚፈስና የጠላትን ኀይል በራሱ ላይ የሚመልስ ስልት ነው። ለመሬት ሰዎች ሁንግ ጋር የተባለው፣ እግርን በምድር ላይ አጽንቶ የሚያቆም ስልት ሆነላቸው። ለእሳት ሰዎች ፈጣንና ረጅም ምት ያለበት የሰሜን ሻውሊን፣ ለነፋስ ልጆች ደግሞ ዘወትር በክብ የሚዞረውና ከጠላት የሚያመልጠው ባ ጓ ተመረጠ። መምህሩ እንቅስቃሴውን ራሱ እየሠራ በካሜራ ይቀረጽና፣ ሠዓሊዎቹ ያንን እየተመለከቱ ይሥሉ ነበር። ስለዚህ አንድ ልጅ ድምፁን ሳይሰማ እንኳ ቢመለከት፣ የሚዋጋው ሰው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ በአቋሙ ይለየዋል።

በጽሕፈቱም እንዲሁ ነው። በፊልሙ ውስጥ በግድግዳ፣ በካርታና በደብዳቤ ላይ የሚታየው ጽሑፍ የቻይና ጽሕፈት ነው። ሲዩ ሊዩንግ ሊ የተባሉ የዚህ ጽሕፈት ዐዋቂ ተጠይቀው ጻፉት፤ ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው ቢመለከተው ይነበባል። ኤድዊን ዜን የተባለ ሌላ አማካሪም ድርሰቶቹን እያነበበ፣ የእስያን ሕዝቦች ልማድ የሚያጣምም ነገር እንዳይገባ ይመረምር ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከሚመለከቱት ልጆች አብዛኞቹ ያንን ጽሕፈት ፈጽሞ አያነቡትም። ሠሪዎቹ ግን ለማይመረምረው ሰው እንኳ ትክክለኛውን ጻፉ። በማናቸውም ሙያ የታማኝነት መለኪያው ይኸው ነው።

ክርክር ያወጣት ልጅ

ታሪኩ ከመጀመሪያው ጀምሮ መጨረሻ እንዲኖረው ታስቦ የተጀመረ ነው። ብዙ የቴሌቪዥን ተረቶች ተመልካች እስካላቸው ድረስ ይቀጥላሉ፤ ይህ ግን በሦስት ዓመት ሥራ ተከፈለ፤ እያንዳንዱም ክፍል የውሃ መጽሐፍ፣ የመሬት መጽሐፍና የእሳት መጽሐፍ ተባለ። በየሳምንቱ የሚታየውም ምዕራፍ ተብሎ ተቈጠረ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት እያንዳንዳቸው 20 ምዕራፍ፣ ሦስተኛው 21 ምዕራፍ አላቸው፤ በጠቅላላው 61 ምዕራፍ ይሆናል።

አሮን ኢሀዝ የሚባል የጸሐፊዎች አለቃ ነበር። ጸሐፊዎቹ በአንድ ክፍል ተቀምጠው እየተከራከሩ ታሪኩን ምዕራፍ በምዕራፍ ያወጡ ነበር። ከክርክራቸውም አንዱን እንጥቀስ። ለአንግ መሬትን ማዘዝ የሚያስተምረው ሰው፣ በመጀመሪያው አሳብ ጡንቻው የፈረጠመ ወንድ ልጅ ነበር። ኢሀዝ ግን ሴት ልጅ ብትሆን ይሻላል አለ፤ አሳቡ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። በመጨረሻ ግን ተስማሙ። ከዚያም ክርክር ቶፍ የተባለችው የ12 ዓመት ዓይነ ስውር ልጅ ወጣች፤ በባዶ እግሯ የምድርን መንቀጥቀጥ እየሰማች ከሚያዩት ሁሉ በላይ የምታይ ናት። ዛሬ ብዙ ተመልካቾች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እርሷን ነው። ጡንቸኛው ልጅ ቀርቶ ይህች ትንሽ ልጅ የተገኘችው፣ ሠሪዎቹ የመጀመሪያ አሳባቸውን ለመተው ስለ ፈቀዱ ነው።

የአንድ ሰከንድ ዋጋ

ድርሰቱ ከተጻፈ በኋላ ሥዕል ይከተላል ብለን እናስብ ይሆናል። ነገር ግን በመካከሉ ብዙ ሥራ አለ። በመጀመሪያ ሠዓሊዎች ድርሰቱን በተከታታይ ትንንሽ ሥዕሎች ያሳዩታል፤ ይህም ስቶሪቦርድ ይባላል። ማን የት እንደሚቆም፣ ካሜራው ከቅርብ ወይም ከሩቅ እንደሚያይ፣ ፊቱ ማዘኑ ወይም መቈጣቱ የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ነው። የተዋንያኑም ድምፅ አስቀድሞ ይቀረጻል፤ ሥዕሉ ድምፁን ይከተላል እንጂ ድምፁ ሥዕሉን አይከተልም። የአንግን ድምፅ የሰጠው ዛክ ታይለር አይሰን ራሱ በዚያን ጊዜ ልጅ ስለ ነበር፣ በፊልሙ የምንሰማው የልጅ ሣቅ የእውነተኛ ልጅ ሣቅ ነው።

ይህ ሁሉ በካሊፎርኒያ ከተዘጋጀ በኋላ ወደ ደቡብ ኮሪያ ይላካል። ዲ አር ሙቪ፣ ጄ ኤም አኒሜሽንና ሞይ አኒሜሽን የተባሉት የኮሪያ ድርጅቶች ሠዓሊዎች እንቅስቃሴውን በዝርዝር ይሥላሉ። የአንድ ፊልም አንድ ሰከንድ በተለመደው አሠራር 24 ምስል አለው። ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚያሳዩት፣ ለአንድ ሰከንድ 12 ያህል ሥዕል ያስፈልጋል። አንድ ምዕራፍ ወደ 23 ደቂቃ ነው፤ 23 ደቂቃ ደግሞ በ24 ሲባዛ 33,120 ምስል ይሆናል። ልጃችን አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥቶ ሳይጨርስ የሚያልፈው ትርኢት የብዙ ሰው የብዙ ወራት ድካም ነው።

በመጨረሻም ሥዕሉ ተመልሶ ሲመጣ ድምፅና ዜማ ይጨመርበታል። ዜማውን የደረሰው ጀረሚ ዙከርማን ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የሠራው ቤንጃሚን ዊን የድምፁን ነገር አሰናዳ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሁለት ሰዎች ያሰቡት ነገር የቆመው በብዙ መቶ እጆች ነው። ምዕራፍ አንድ የካቲት 14 ቀን 1997 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ ይኸውም በፌብሩዋሪ 21 ቀን 2005 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

በመካከሉ ሞትም ደርሶባቸዋል። ከታሪኩ ሰዎች አንዱ አይሮ የተባለው ሽማግሌ ነው፤ ቀድሞ የእሳት መንግሥት የጦር አለቃ ሲሆን፣ አንድ ልጁ በጦር ሜዳ ከሞተበት በኋላ ጦርነትን ንቆ የወንድሙን ልጅ ያሳድጋል። ድምፁን የሰጡት ጃፓናዊው አሜሪካዊ ተዋናይ ማኮ ኢዋማትሱ በጁላይ 2006 ዐረፉ። በዚያው ዓመት በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ አንድ አጭር ክፍል ለመታሰቢያቸው ተደረገ። በዚያ ክፍል አይሮ በከተማው ውስጥ ሲዘዋወር የሚያለቅስ ሕፃን ያባብላል፣ ሊዘርፈው የመጣውን ሰው መክሮ ይመልሰዋል፤ በመሸ ጊዜ ግን ብቻውን ወደ ኮረብታ ወጥቶ የሞተውን ልጁን ሥዕል በፊቱ አኑሮ ያለቅሳል። ለሰው ሁሉ የደረሰው ሽማግሌ የገዛ ልጁን ሊያድን አልቻለም። በልጆች ፊልም ውስጥ ይህን የሚያህል ኀዘን ለማኖር የደፈሩ ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ የአይሮን ድምፅ ግሬግ ባልድዊን ተረክቦ ፈጸመ።

የመጨረሻው ጥያቄ

ከሁሉ የከበደው ሥራ ግን መጨረሻው ነበር። ደራስያኑ በመጀመሪያ፣ አንግን ያሳደጉት መነኮሳት ነፍስ ያለውን ሁሉ የሚያከብሩ፣ ሥጋም የማይበሉ ናቸው ብለው ደንግገዋል። በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ያ ልጅ ዓለምን ሊያቃጥል ከተነሣው ከእሳት ንጉሥ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ጓደኞቹም ሆኑ መካሪዎቹ ሁሉ «ግደለው» ይሉታል። ልጁ ግን ያስተማሩኝ ይህን አይደለም ብሎ ይጨነቃል።

ደራስያኑ ራሳቸው ባወጡት ሕግ ታሰሩ። ሕጉን ረስተው ንጉሡን ቢያስገድሉት፣ ወይም ንጉሡ በድንገት ከገደል ወድቆ ሞተ ቢሉ፣ ታሪኩ በተፈጸመ ነበር። እነርሱ ግን ጭንቀቱን ራሱን የታሪኩ እምብርት አደረጉት። አንግ ንጉሡን አልገደለውም፤ እሳትን የማዘዝ ኀይሉን ወሰደበት፣ ሕይወቱን ግን ተወለት። አንዳንድ ተመልካቾች ይህ መፍትሔ በመጨረሻው ሰዓት ድንገት የመጣ ነው ሲሉ ነቅፈውታል፤ ነቀፋቸውም ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ልጆች በሚያዩት ፊልም ውስጥ ብርቱው ሰው ጠላቱን ባለመግደሉ ሲያሸንፍ ማየት ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ከዚህም ይልቅ ልባችንን የነካው የሌላው ልጅ ታሪክ ነው። ዙኮ የእሳት ንጉሥ ልጅ ነው፤ አባቱ ፊቱን በእሳት አቃጥሎ ከአገር ያሳደደው፣ የአባቱን ፍቅር ለማግኘት አንግን የሚያድን ልጅ ነው። አብሮት የተሰደደውና እንደ አባት የጠበቀው አይሮ ነበር። በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ዙኮ ይህን አጎቱን ይከዳዋል። ደራስያኑ ከዚያ በኋላ በአንድ ምዕራፍ አላስታረቋቸውም፤ ዙኮ በቤተ መንግሥት ክብሩን አግኝቶ ዕረፍት ሲያጣ፣ ጥፋቱን ሲያውቅ፣ በበደላቸው ሰዎች ፊት ሲያፍር በብዙ ምዕራፍ አሳዩን። በመጨረሻም ወደ አጎቱ ድንኳን ገብቶ፣ ተኝቶ ቢያገኘው እስኪነቃ ድረስ ሌሊቱን ተንበርክኮ ይጠብቀዋል። ነግቶ በእንባ ይቅርታ መለመን ሲጀምር፣ ሽማግሌው ንግግሩን ሳያስጨርሰው ጎትቶ ያቅፈዋል። የጠፋውን ልጅ ምሳሌ በወንጌል ለሚያውቅ ክርስቲያን ይህን ማስረዳት አያሻም። ትምህርቱም ይቅርታው ፈጥኖ መድረሱ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ረጅም መሆኑም ጭምር ነው።

የመጨረሻው ክፍል በጁላይ 19 ቀን 2008፣ በእኛ ሐምሌ 12 ቀን 2000 ዓ.ም. ታየ። ሥራው የዚያን ዓመት የፒቦዲ ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ ይኸው ታሪክ በተዋንያን ሁለት ጊዜ ተሠርቶአል። በ2010 የወጣው የሲኒማ ፊልም በብርቱ ተነቀፈ። ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት ያሠራውና በ2024 የወጣው ሁለተኛው ግን፣ ሁለቱ ደራስያን አብረው ጀምረውት በ2020 ባለመስማማት የተለዩት ነው። ታሪኩ ያው ሆኖ ሳለ ሥራው አንድ አለመሆኑ፣ የተረት ሕይወት በሠሪው እጅ እንጂ በታሪኩ ዝርዝር ብቻ እንዳይደለ ያስረዳል።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

አሁን የማይስማማንን ነገር እንናገር። «አቫታር» የሚለው ቃል ከሳንስክሪት ቋንቋ የመጣ ሲሆን «መውረድ» ማለት ነው፤ በሂንዱ ሃይማኖት አማልክት ወደ ምድር ስለ መውረዳቸው የሚነገርበት ነው። በፊልሙም የአቫታሩ ነፍስ ከሞተ በኋላ በሌላ ሰው ዳግመኛ ትወለዳለች፤ መናፍስትም ይመለካሉ። ይህ የእኛ ትምህርት አይደለም። ልጅ ሳይጠይቅ የተወው ነገር ሁሉ ገብቶታል ማለት ስላልሆነ፣ «ይህ የሌሎች ሕዝቦች እምነት ነው፤ እኛ የምናምነው ግን እንዲህ ነው» ብሎ በጊዜው ማስረዳት የወላጅ ፋንታ ነው። ይህን የምንለው ልጁን ለማስፈራት አይደለም፤ የራሱን ቤት አውቆ የሌላውን ቤት እንዲመለከት ነው።

ሁለተኛው ምክራችን ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ምዕራፍ እንድታዩ ነው። ሲያልቅም «ዙኮን ብትሆን ወደ አጎትህ ትመለስ ነበርን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለማረም አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያ ስሙት።

ሦስተኛውም ይህ ነው። ለልጃችሁ አሮጌ ደብተርና እርሳስ ስጡት። በ12 ተከታታይ ቅጠሎች ጠርዝ ላይ አንዲት ወፍ ይሣል፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ክንፏን ጥቂት ጥቂት ከፍ ያድርግ። ከዚያም ቅጠሎቹን በአውራ ጣቱ እያስለቀቀ በፍጥነት ይገልብጣቸው፤ ወፊቱ ስትበር ያያታል። የምትበረው ለአንድ ሰከንድ ብቻ ነው። ምናልባት እርሷን ለመሣል አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጅበት ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ በቴሌቪዥኑ ፊት ሲቀመጥ ግን፣ ያ ሁሉ ከየት እንደ መጣ ያውቃል።